ሃያ ሁለት ካሬ

ከያንግሴ ወንዝ ማዶ ነበር ሰፊው ቤታችን፣
ሦስት ክፍል፣ በረንዳ፣ ፀሐይ የጠገበ መኝታችን፣
ጠዋት ያሰጣነው አንሶላ ቀትር ሳይደርስ የሚደርቅበት፣
እንግዳ ሲበዛ የማይጨንቅበት።
ሸጥነው።
አማቼም ዉሁ ያለውን፣ በገዛ እጁ የገነባውን፣
ከነኮክ ዛፉ ሸጠ፣ ከነጓሮው።
የባንክ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ፣ በማለዳ፣
«ለልጅቱ ነው» አለ፣ ቁጭ ሳይል፣ ሻይ ሳይቀዳ።

ደላላው ሼን ይባላል፤ ድምፁ የለዘበ፣
ሻጋታውን ስናይ ፊታችንን አነበበ።
«እህቴ፣ ግድግዳውን እርሺው፣ ጣራውንም ተዪ፣
ጡብ አይደለም የምትገዢው፤ ወንበር ነው፤
ያውልሽ፣ በመስኮቱ እዪ።»
አየሁ። ቁጥር አራት ትምህርት ቤት፣
ቀይ መሮጫ ሜዳ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሕፃናት።

ሃያ ሁለት ካሬ። ወጥ ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ከሦስት ጎረቤት ጋራ፣
አልጋና ጠረጴዛ የሚዘረጉት በተራ።
ዝናብ ሲጥል ባልዲው ከጣራው ጋር ያወራል፣
ባሌ ጂያንፒንግ በነጋ በጠባ ከበሩ ጉበን ይላተማል።
«ሦስት ዓመት ብቻ» እንባባላለን፤
የነዋሪነት መዝገቡ ሦስት ዓመት ይፈልጋላ!
ቆጠርን። አንድ ክረምት። ሁለት።

በሚያዝያ፣ ሩዎሺ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣
ግቢው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ ማኅተም ያለው።
ሰው ከበበው።
አንዲት ሴት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣
መሐል ላይ መነጽሯን አውልቃ ዝም አለች።
ካርታ ነበር። በካርታው ላይ መሥመር፤
እስከ ትናንት ከጀርባችን ነበር የሚያልፈው፤
ዛሬ በፊታችን አለፈ፣
ከአትክልት ሻጩ ሱቅ ታጥፎ ወደ ምሥራቅ ከነፈ።
እኛ ለቁጥር አሥራ አንድ ደረስን፣ ሁለት ፌርማታ ርቆ ላለው።
መንገዱ ስፋቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤
ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ ወጥቼ ለክቼዋለሁ።

ማን ይሆን ያንን እርሳስ የያዘው?
ሲያሰምር ሳል ይዞት ይሆን እጁን ያነቃነቀው?
ክፉ ሰው አይመስለኝም።
ልጁ በዝቶ፣ ወንበሩ ሞልቶ፣
«ለሁሉም እኩል ይዳረስ» ብሎ ይሆናል፣ ቅን አስቦ።
እኩል ሲባል እኔም እስማማለሁ፤
የቁጥር አሥራ አንድ ልጆችም ልጆች ናቸው፣ አውቃለሁ፤
ግን ያማቼን የኮክ ዛፍ
የትኛው መሥመር ይመልስልኛል?

የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ወይዘሮ ቺዩ፣
ሽንኩርት እየላጡ ሳቁብኝ።
«እኔ ስመጣ» አሉ «ያ ግቢ የክብሪት ፋብሪካ ነበር፣ የሚሸተው ድኝ።
ያን ጊዜ ሰው የሚከፍለው ከዚህ ለመውጣት ነው፤
አርባ ዓመት ተቀመጥኩ፣ ሰፈሩ በላዬ ላይ ነው የተለወጠው።»
ከዚያ ለሩዎሺ ከሽንኩርቱ ለየት ያለ ነገር ፈለጉ፤
ከረሜላ አገኙ፣ ከኪሳቸው፣ ከቁልፍ ጋር የተጣበቀ።

የቤቱ ዋጋ በሳምንት ወረደ፤ በወሩ ደግሞ ወረደ።
ሼን ደወለ፤ ያው ድምፅ፣ እንደ ቅቤ፤
«መሥመሩ ወደ ምሥራቅ ሄዷል፣
እዚያ አንድ ክፍል አለኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ካሬ...»
ጂያንፒንግ ስልኩን በትከሻው ይዞ፣
በመብራት ሂሳብ ወረቀት ጀርባ
ቁጥር ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይጽፋል።
ያላየሁ መሰልኩ፤ ሩዝ አጠብኩ፤ ሁለቴ የታጠበውን።

ጠዋት ደወሉ ይደወላል፤
የእኛ ያልሆነው ደወል ዛሬም እኛኑ ይቀሰቅሳል።
ሩዎሺ መስኮቱ ጋ ትቆማለች፤
ሦስት ዓመት ስታይ የሸመደደችውን የጠዋት ስፖርት
ከሜዳው ልጆች ጋር እኩል ትጀምራለች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ክንድ ወደ ጎን።
ቀኝ እጇ ቁም ሳጥኑን ይመታል፤
ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤
ግራው ግድግዳውን።